ውሃ ልኩ ለገበሬ ብቻ ነው እንዴ?

እስኪ ከጥያቄ እንጀምር። አንድ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ዳገት ላይ ያለች ማሳውን እርከን ሳይሠራላት ቢያርስ ምን ይከተለዋል? ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል። የልማት ሠራተኛው ይመላለስበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር «አንተ ነህ የሠፈሩን አፈር የምታስበላው» ይለዋል። ይሁን፤ እውነት አላቸው፤ ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። አሁን ደግሞ ያው ማሳ ወደ ከተማ ክልል ገባ እንበል። ተለካ፣ ተሸነሸነ፣ ለቤት መሥሪያ ተሰጠ። አንድ ማለዳ ኤክስካቫተር መጣና ዳገቱን ሁለት ሜትር ቁልቁል ቆረጠው። ማን ምን ይላል?

ማንም ምንም። እንዲያውም አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ እያየ «ከተማችን እያደገች ነው» ይላል።

የዛሬ ጉዳያችን ይኸው ነው። ብቸናና ሞጣን የመረጥነው ከሌሎቹ ከተሞቻችን የባሱ ሆነው አይደለም። አገሩ ስለመሬት መለካት ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነው። መንግሥት ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ ጎጃም ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ የምንለው ደግሞ ይህን ነው፦ ሜትሩ ሁልጊዜ የሚመጣው ሊወስድ እንጂ ሊጠብቅ አይደለም። የአፈር ቆረጣና የሙሌት ደንብ በከተሞቻችን የማይከበረውም ሕግ ጠፍቶ፣ ባለሙያ ጠፍቶ፣ በጀት ጠፍቶ አይደለም። ከታች ወይም ከላይ ያለውን ጎረቤት ማዳን የማንም አለቃ ሪፖርት ውስጥ ስለማይገባ ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ እንዲታያችሁ አብረን እናስላ፤ ሒሳቡ የሰባተኛ ክፍል ነው። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ አለን፤ 200 ካሬ። ዳገቱ 10 በመቶ ነው፤ ማለትም በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ይህ እግር የማይሰማው ዳገት ነው፤ እያወራችሁ ትወጡታላችሁ። የቦታው ርዝመት 20 ሜትር ስለሆነ ግን ላይኛው ጫፍ ከታችኛው 2 ሜትር ይበልጣል። ባለቤቱ «ሜዳ አድርጉልኝ» ሲል ማሽነሪው ሁሉንም ወደ ታችኛው ጫፍ ልክ ካወረደው፣ ከላይ ባለው ጎረቤት አጥር ሥር 2 ሜትር የቆመ የአፈር ግድግዳ ይቀራል። የወጣው አፈር 200 ሜትር ኩብ ነው። የተቆፈረ አፈር ደግሞ ይነፋል፤ ሩቡን ያህል እንኳን ቢጨምር 250 ይሆናል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ከጫነ ወደ 16 ጉዞ ማለት ነው። ሃያ አባላት ያሉት አንድ የቤት ሥራ ማኅበር እንዲህ ቢደለድል ከ300 ጉዞ በላይ አፈር ይወጣል።

አፈሩ የት ሄደ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ቅጽ አይተን አናውቅም። የቤቱን ፕላን ይጠይቃሉ፣ ካርታውን ይጠይቃሉ፣ የሊዝ ክፍያ ደረሰኙን ይጠይቃሉ፣ ፎቶ ኮፒውን በሦስት ኮፒ ይጠይቃሉ። አፈሩን የሚጠይቅ የለም። መልሱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የወንዙ ዳር፣ ቦረቦሩ አፋፍ፣ ወይም «ባለቤት የሌለው» የሚባለው የጋራ ግጦሽ ላይ ነው። ሾፌሩ በጉዞ ስለሚከፈለው ሩቅ አይሄድም፤ አንፈርድበትም። ሩቅ እንዲሄድ ያዘዘው የለም።

ስለአፈሩም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም የብቸና አፈር ዝም ብሎ አፈር አይደለም። ዋልካ ነው። ጤፍ ይወደዋል፤ የእነማይ ጤፍ ስሙ የወጣው በዚሁ ነው። ቤት ግን አይወደውም። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። በዚህ ምክንያት ነው መንገድ ሠሪዎች ዋልካን ጠርገው አውጥተው በገረጋንቲ የሚተኩት። እንግዲህ ከጎናችሁ ያለ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ መሠረቱን ሳያወጣ ሁለት ክረምት ቢተወው፣ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው በዋልካው ውስጥ ወደ እናንተ ግድግዳ ሥር ይገባል፤ አፈሩ ያብጣል፤ ቀጥሎ በጋ ይመጣና ይኮማተራል። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ምርጊቱ ይረግፋል፤ ብሎኬት ከሆነ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። ጎረቤታችሁ አንድ ጣቱን ሳያነሳባችሁ ቤታችሁን አፈረሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ሕግ የለም» የሚሉ አሉ። እንዴት የለም? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕዝባቸው 10,000 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከተሞች እንዲሠራ ነው የተደነገገው፤ ብቸናም ሞጣም ከዚያ በላይ ናቸው። የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን ፈጠረ። ሹሙ ግንባታውን እየመጣ ማየት፣ ደንብ ሲጣስ ማስቆም ይችላል። ሠሪው በግንባታ ወቅት የሌላውን ሰው ደህንነትና ንብረት እንዳይጎዳ የመጠንቀቅ ግዴታ ተጥሎበታል። ከዚያም በፊት፣ አያቶቻችን ወጣት ሳሉ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን መጉዳት እንደሌለበት ጽፎት ነበር። ሕግማ ሞልቷል።

አሁን ከገበሬው ሕግ ጋር አስተያዩት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 (በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1324 ተተክቷል) ተዳፋትን በቁጥር ነበር የሚናገረው። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስም፣ ከብት አይለቀቅበትም፤ ለዛፍና ለመኖ ይተው። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ዓመታዊ ሰብል ይዘራበት። ከዚያ በታች የሆነውም የአፈርና ውሃ ጥበቃ ይደረግለት። ልብ በሉ፤ ለገበሬው መቶኛው ተነግሮታል! ፊደል ያልቆጠረው አባት ዳገቱን በመቶኛ እንዲያውቅ ተደርጓል። ልኬቱንም የልማት ሠራተኛው ያሳየዋል፤ ሁለት እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መካከል ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ውሃ ልክ። ይኸው ነው መሣሪያው። በዚህች ውሃ ልክ ነው ገበሬው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ጥር በገባ ቁጥር ለሳምንታት ያለ ክፍያ እርከን ሲሠራ የኖረው። የአንጀኒ ምርምር ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. ደምበጫ አካባቢ ሲቋቋም ፋንያ ጁ የሚባለውን እርከን ሞክሮ አፈሩ ደረጃ እየሠራ እንዴት እንደሚቆም አሳይቷል። ማለትም ጎጃም ውስጥ አፈር እንዴት እንደሚያዝ እውቀቱ ካለ 40 ዓመት አልፎታል።

ታዲያ ያ ውሃ ልክ የከተማው ምልክት ቦታ ላይ ሲደርስ ለምን ይወድቃል? ከምልክቱ ወዲያ ያለው ገበሬ በሲባጎ ይለካል፤ ከምልክቱ ወዲህ ያለው ባለኤክስካቫተር በዓይኑ ይገምታል። የተማረው፣ ገንዘብ ያለው፣ ማሽን የሚከራየው ሰው ነው ከልኬት ነፃ የሆነው።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሁለቱ ይገናኛሉ። የከተማው ዲች የሚያልቀው ከተማው በሚያልቅበት ነው። ጣሪያው፣ ኮብልስቶኑ፣ የተደለደለው ግቢ ሁሉ ውሃውን ወደ ዲቹ ይልካል፤ ዲቹ ደግሞ ከመጨረሻው ቤት በኋላ ውሃውን ገበሬው ማሳ ላይ ይተፋል። በጥር በነፃ የሠራውን እርከን በሐምሌ ከተማው ያፈርስለታል። በሚቀጥለው ጥር «ለምን እርከንህን አልጠገንክም» ተብሎ ይገመገማል። ይህን ስንጽፍ እየቀለድን አይደለም፤ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የዲቹን ጫፍ ተከትላችሁ ሂዱ፤ ቦረቦሩን ታገኙታላችሁ።

ወደ ሜትሩ እንመለስ። ከ1960 ዓ.ም. እንነሳ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ። ግብሩን የሚገምቱ ሰዎች ወደ ጎጃም ሲላኩ ገበሬው አላስገባም አለ። ብቸና፣ ሞጣና ዳሞት የአመፁ ዋና ማዕከላት ነበሩ። ገበሬው ከገንዘቡ ይልቅ የፈራው ልኬቱን ነው፤ መሬቱ ቃላድ ከተጣለበት ርስቱ የእሱ መሆኑ ያበቃል ብሎ ነው የተነሳው። በደቡብ ቃላድ ምን እንዳደረገ ሰምቷል። ጦር ተላከበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። አያቶቻችን ሜትሩን መለሱት።

ቀጥሎ 1989 ዓ.ም. መጣ። የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው «ቢሮክራሲ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ «ቢሮክራሲ» የተባለ ሰው መሬቱ ተቀንሶ ለሌላ ተሰጠ። ገመዱ እንደገና የመጣው ሊወስድ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ደብተር መጣ። ፍርድ አናጓድል፤ ደብተሩ ጥሩ ነገር ነበረው፤ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ለብዙ እናቶች በሕይወታቸው የመጀመሪያው የመሬት ወረቀት ነው። በዚህ አንቀልድም። ነገር ግን ያው ደብተር ከተማው በሰፋ ቁጥር ካሳ የሚሰላበት ወረቀት ሆነ። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ሲወጣ የከተማ መሬት ዋጋ በካሬ ሜትር የሚቆጠር ሆነ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሜትሩን በፍቅር ያዘው። እያንዳንዷ ካሬ ገንዘብ ናታ! ስለዚህ ወርዱን ይለካል፣ ቁመቱን ይለካል። ሦስተኛውን ልኬት ግን አይለካም፤ ጥልቀቱን። ጥልቀት ገንዘብ አያስገባም።

ስለአንዲት እናት እናንሳ። ከተማዋ ጎጃም ውስጥ ነች፤ ስሟን እንተወው፤ ስሙን ብንጠራው ነገ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው እንጂ ጽ/ቤቱ አይደለም። ከቤታቸው በታች ያለውን ቦታ የገዛ ሰው የካቲት ላይ ቆረጠ። አጥራቸው ሥር ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ግድግዳ ቆመ። ድጋፍ ግንብ አልተሠራለትም። ሰኔ ላይ አጥሩ አዘነበለ፤ የማድ ቤቱ ምርጊት ተሰነጠቀ። ወደ ጽ/ቤቱ ሄዱ።

«እማማ፣ ቤቱ ወድቋል እንዴ?» አላቸው ባለሙያው።

«ኧረ አልወደቀም ልጄ፤ ሊወድቅ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ላልወደቀ ቤት ምን ብለን እንጻፍ? የግል ክርክር ነው፤ ፍርድ ቤት ይሂዱ።»

ነሐሴ ላይ አጥሩም የማድ ቤቱ ግድግዳም ወረደ። ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሌሊት ነበር፣ ማድ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። መስከረም ላይ ልጆቻቸው አጥሩን መልሰው ሲያቆሙ ከተናደው አፈር ሸሽተው ወደ መንገዱ ትንሽ ገፋ አደረጉት። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች መጡ። ሜትር ይዘዋል! የመጡት አጥሩ ከካርታው ውጪ መውጣቱን ሊለኩ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛዎቹ ግን ጅቡን አሳልፈው የተነከሰችውን አህያ ላይ ይጮኻሉ።

ይህ ደንብ የማስከበር አቅም ማነስ ነው? አይደለም። አቅሙማ ታይቷል። በአንድ ሌሊት የተሠራን ጨረቃ ቤት በማግስቱ የሚያገኝ መንግሥት ነው ያለን። ከየትኛው ሠፈር፣ ከየትኛው ቆርቆሮ ጀርባ፣ በስንት ቆርቆሮ እንደተሠራ ያውቃል። ዶዘር ልኮ ያፈርሰዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ደንብ ማስከበሪያው ራሱ ዶዘር ነው። ዶዘሩ ሰባት ቤት ገፍቶ፣ ፍርስራሹን ከነአፈሩ ቦረቦሩ ውስጥ ከቶ ሲሄድ፣ ዶዘሩን ማን ይቆጣጠረዋል? ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በግሬደር መንገድ ሲከፍት የሰዎቹን ደጃፍ አንድ ሜትር ሜትር ተኩል አንጠልጥሎ ሲያልፍስ? አዛውንቶች በድንጋይ እየተንጠላጠሉ ወደ ገዛ ቤታቸው የሚገቡባቸው ሠፈሮች በየከተማችን ሞልተዋል። ለዚህ የሕንፃ ሹሙ ማንን ያስቁም? አለቃውን? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ እናውቃለን። የሚባሉትን እንመልስ።

«ባለሙያ የለንም» ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ሲቪል መሐንዲሶችን ያስመርቃል፤ ከመካከላቸው ሥራ ፈልጎ የሚዞረው ስንቱ እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አብራችሁት ነው ቡና የምትጠጡት። ደግሞስ አንድ ዳገት 10 በመቶ ይሁን 30 በመቶ ለማወቅ መሐንዲስ ምን ያደርጋል? ከላይ ያነሳናት ሲባጎና ውሃ ልክ አለችላችሁ። የግብርና ጽ/ቤቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? ሄዳችሁ ተዋሱ። ግንበኛው እንኳን ደረጃ ሲይዝ ውሃ የሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግቶ ነው።

«በጀት የለንም» የሚለውን እንለፈው። በጀት የሚያስፈልገው ለመሥራት ነው፤ አቁም ለማለት ወረቀትና ማኅተም ይበቃል።

«ጦርነት አለ» የሚለው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አናልፈውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ምን ውስጥ እንደገባ ለእናንተ አንነግራችሁም። ነሐሴ ሳይገባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ምሥራቅ ጎጃምም ውጊያው ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። አንድ የሕንፃ ሹም ሜትር ይዞ ከከተማ ዳር ካልሄድክ ብለን አንሟገትም፤ ሰው ነው፤ ልጆች አሉት። ሰው በሚሞትበት ሰዓት ስለአፈር ማውራትም ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ አዋጁ የወጣው 2001 ላይ ነው። ከ2001 እስከ 2015 ጦርነቱ እዚያ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የተቆረጡት ዳገቶች ዛሬም ድጋፍ ግንብ የላቸውም። ሁለተኛ፣ ሥርዓት ሲላላ ኤክስካቫተር የሚከራየው ሰው እንጂ ባለጭቃ ቤቱ አይደለም የሚጠቀመው። ሰላም እስኪመጣ እንጠብቅ ካልን ሰላም የሚመጣው የተቆረጠ ከተማ ላይ ነው።

የመጨረሻው፣ ትልቁም፣ «ልማት ነው» የሚለው ነው። ይህቺን ቃል ስንሰማ አንገታችንን እንድንደፋ ነው ያደግነው። ትምህርት ቤት ሳለን ልማት ማለት ግሬደር ነበር፤ ግሬደር መጣ ሲባል ከክፍል ወጥተን እንሮጥ ነበር። አሁንም አዲስ ጂ ፕላስ አራት ሲቆም ፊቱ ቆመን ፎቶ እንነሳለን፤ ከኋላው ስላለው ጉድጓድ አንጠይቅም። ሰው ቤት አይሥራ አላልንም! ይሥራ። አገሩ ሁሉ ቆርቆሮና ጭቃ ሆኖ ይኑር የሚል ናፍቆት የለብንም። ግማሹን ቆርጦ በግማሹ ሙሌት ቢጠቀምበት ግን ለራሱ ለባለቤቱም ይረክሳል፤ ከላይ ባሰላነው ቦታ ላይ 2 ሜትር የነበረው ቁራጭ 1 ሜትር ይሆናል፣ የሚጫነው አፈርም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። (ሙሌቱ በደንብ ሊጠቀጠቅ፣ መሠረቱም እስከ ነባሩ መሬት ሊወርድ ይገባል፤ በዋልካ ሙሌት ላይ ቤት የሠራ ሰው በየዓመቱ ስሚንቶ ይገዛል።) ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ገንዘቡን ያተርፍ ነበር። የሚነግረው የተቀጠረ ሰው አለ፤ ሥራው ግን ካርታ ማየት ሆኗል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ «የገጠር ከተማ ጣጣ ነው» እንዳትሉ። በየክረምቱ የከተማችሁ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ምን እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ፤ ለግንባታ ተቆፍሮ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ሕፃን ገባ፤ መሠረት ሲቆፍሩ አፈር ተንዶባቸው የቀን ሠራተኞች ሞቱ። መግለጫው ሁልጊዜ «ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ ያድርግ» ብሎ ያልቃል። ኅብረተሰቡ! ጉድጓዱን የቆፈረው ኅብረተሰቡ ይመስል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም አዲስ አበባ ውስጥ የታየው ቁፋሮ ደግሞ ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ገብቷል። ፍጥነቱ የሚወደስበት ሥራ ነው፤ ቀንና ሌሊት ተሠራ ይባላል። ሌሊት ሲቆፈር ከጎን ያለውን ቤት መሠረት ማን በባትሪ አየው ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ግን አላየንም። ብቸናና ሞጣ ነገ የሚኮርጁት ይህንን ነው፤ ትንሽ ከተማ ትልቁን ሲኮርጅ መጀመሪያ የሚወስደው ማሽኑን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳናነሳው ብናልፍ ይቆጨናል። ከጮቄ የሚወርዱት ሙጋም ሱሃም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ጳጉሜ 2017 ላይ ታላቁ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ጨፍረናል፤ ከደመወዙ ቦንድ ያልገዛ አባት፣ ከቁርስ ገንዘቡ ያላዋጣ ተማሪ ከመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል የተባለው ቋት ደለልም ይይዛል። የደለሉ ትልቁ ድርሻ ከእርሻው ነው፤ ይህን አንክድም፤ የከተማ አፈር ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ነገር ግን ገበሬውን «ለግድባችን ስትል እርከን ሥራ» ብሎ ያለክፍያ የሚያሰማራ አስተዳደር፣ በዚያው ሳምንት ሲኖትራኩ ወንዝ ዳር አፈር ሲደፋ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ገበሬው ነገ «እናንተስ?» ሲለው ምን ይመልሳል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለብቸናና ለሞጣ ማዘጋጃ ቤቶች አዲስ አዋጅ አርቅቁ አንልም፤ ባለው ሥልጣናችሁ የምትሠሩት ነው። የግንባታ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ። ስንት ሜትር ትቆርጣለህ? አፈሩን የት ታደርሳለህ? ውሃው በማን ደጅ ያልፋል? ሦስተኛውን መስመር ጎረቤቱ ይፈርምበት። ቁራጩ ከአንድ ሜትር ተኩል ከበለጠ ድጋፍ ግንቡ ሳይቆም ቤቱ አይጀመር። ማሽኑ የሚገባው ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ብቻ ይሁን፤ ከግንቦት በኋላ የተከፈተ ጉድጓድ ወይ ይሞላ ወይ ይታጠር። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የአፈር መድፊያ ቦታ ኤክስካቫተሩ አጠገብ በቀለም በጉልህ ይለጠፍ፤ ሕፃናት እንኳን ያንብቡት፤ ሲኖትራኩ ወዴት እንደሚታጠፍ ማየት የሚወዱት እነሱ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ መንገድ ሲከፍትም ያቺኑ ቅጽ ይሙላ፤ የሕንፃ ሹሙ የከንቲባውን ግሬደር አንድ ቀን ካስቆመ ከዚያ በኋላ ማንንም ለማስቆም አይቸግረውም።

ዝናቡ ሰኔ ላይ ነው የሚገባው። እስከዚያ አንድ ባለሙያ በቀን ሁለት ቁራጭ ቢያይ፣ አንድ ሲባጎና አንዲት ውሃ ልክ ይዞ፣ ሁለቱንም ከተማ ያዳርሳል። እማማ ግን ማድ ቤታቸውን በራሳቸው ገንዘብ ነው የሠሩት፤ አጥሩን ደግሞ ወደ ውስጥ መልሱ ተብለው መልሰዋል። አሁን ከተናደው አፋፍ ያላቸው ርቀት ሁለት ክንድ ነው።